እናቴ 11 ዓመት ሳውዲ፣ አክስቴ 32 ዓመት ክፍል ውስጥ፦ ማን ምን ይዞ አረጀ?

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው እሑድ ኮምቦልቻ እቤት ቡና ላይ እናቴና አክስቴ ሳያስቡት ሒሳብ ውስጥ ገቡ። እቴቴ (አክስቴን እንዲህ ነው የምንላት) 32 ዓመት አስተምራ በ2014 ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። እናቴ ደግሞ በ1999 በዑምራ ቪዛ ጅዳ ገብታ እዚያው ቀረች። ኅዳር 2006 ሳውዲ ያን ሁሉ ሰው ስታባርር እሷም በአንድ ሻንጣ መጣች። በ2011 በኮንትራት ሪያድ ሄደች። በ2015 ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሰች። ሲደመር 11 ዓመት ነው። አሁን 52 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም።

እቴቴ በመምህራን ማኅበር በተሰጣት ቦታ ላይ ቤት ሠርታለች። ካርታው በስሟ ነው። ሁለት ሰርቪስ ታከራያለች። ጡረታዋ 5 ሺህ ብር አካባቢ ነው። እናቴ ጡረታ የላትም። ቤት አለ፣ ግን በአጎቴ ስም ነው። ባንክ ያላት 62 ሺህ ብር ነው። አለቀ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ አመል ሆኖብኝ እስክሪብቶ አወጣሁ። ጅዳ መጀመሪያ ሁለት ዓመት በወር 600 ሪያል። ከማዳሟ ጠፍታ በፍሪ (በራሷ ሥራ እየፈለገች) ስትሠራ አምስት ዓመት በአማካይ 1,200። ሪያድ 50 ወር በ1,000። ሲደመር ወደ 136 ሺህ ሪያል ይመጣል፤ በዶላር 36 ሺህ ገደማ። እቴቴ ቁጥሩን ስትሰማ «አንቺ ይህን ሁሉ ይዘሽ ነበር?» አለቻት። እናቴ «እኔ አልያዝኩትም፣ ላኩት» አለች።

የት ገባ ካላችሁ፦ የደላላ ዕዳ፣ የኔና የእህቴ ትምህርት፣ የአያቴ ሕክምና፣ የአያቴ ቤት ቆርቆሮ፣ ሦስት ሠርግ፣ ያ በአጎቴ ስም ያለው ቤት፣ ለአጎቴ ባጃጅ (በሁለት ዓመቱ ተሸጠ)። ከ2006 እስከ 2011 የሠራችበት ሱቅም ነበራት። ሪያድ ስትሄድ ለሌላ ሰው አስረክባ ሄደች፤ በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ተዘረፈ።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ባትሄድ ይሻላት ነበር? ወይስ መሄዱ ልክ ሆኖ ሌላ ቦታ ነው የሳትነው? «እንኳን በሰላም ገባች» የሚለውን እኔም በየቀኑ እላለሁ፤ እሱን አትጻፉልኝ።

---

ሰሚራ ጅዳ፦

ወንድሜ፣ እዚህ ሌሊት ነው። ሥራ ጨርሼ ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። «ላኩት» ያለችው ገደለኝ።

እኔ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ከእናትህ ዓይነት እህቶች የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ የላክሁት ብር የኔ አይደለም። አንዴ ከላክሁት እንደ ዝናብ ነው፣ ማን ማሳ ላይ እንደወረደ አልጠይቅም። የኔ የሚባለው ያልላክሁት ነው። ስለዚህ ደመወዜን ለቤተሰብ 1,000 ሪያል ነው ብያለሁ። 1,800 ነው። ኃጢአት ከሆነ አላህ ይቅር ይበለኝ። የቀረውን እዚህ ከአገሬ ልጆች ጋር ዕቁብ እጥላለሁ፤ ሲደርሰኝ ወርቅ እገዛለሁ።

እናትህን ሰላም በልልኝ።

---

ሒሳብ አይዋሽም፦

ንጽጽሩ ላይ ችግር አለ። እናትህ መምህርት የመሆን ዕድል ነበራት ወይ? ከሌላት ከእቴቴ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። መወዳደር ያለባት ያኔ አብራት ከነበረችና ካልሄደች ጎረቤት ጋር ነው።

ሁለተኛ፣ 136 ሺህ ሪያል ብለህ መደመርህ ያሳስታል። ሪያል ከዶላር ጋር 3.75 ላይ ተቸንክሮ ነው የኖረው፤ የተንሸራተተው የኛ ብር ነው። በ1999 አንድ ሪያል 2 ብር ከምናምን ነበር። በ2006 ወደ 5 ብር። ጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ሲወርድ 7 አለፈ። እናትህ በ2015 ስትመለስ 14 ብር አካባቢ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ዛሬ ወደ 40 ብር ደርሷል። ማለትም እናትህ ብዙ የሠራችው ሪያል በረከሰበት ዘመን ነው። ሲወደድ እቤቷ ነበረች።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። በ2000 ዓ.ም. 10 ሺህ ሪያል ልካ ብሩ ባንክ ተቀመጠ እንበል። ወደ 25 ሺህ ብር ነው። ወለዱን ቸር ሆነን ለ18 ዓመት በሙሉ 7 በመቶ እናድርገው (7 የሆነው ከ2010 ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት ያንሳል)። ዛሬ 84 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ያ ማለት 2,100 ሪያል ነው። አሥር ሺህ ሪያል ልካ፣ አንድም ብር ሳይባክን፣ ሳይሰረቅ፣ ሠርግም ሳይደገስ፣ ሁለት ሺህ ሆኖ ጠበቃት።

በዚያው ዓመት 21 ካራት ወርቅ ብትገዛስ? ግራሙ 90 ሪያል አካባቢ ነበር። 110 ግራም ማለት ነው። ዛሬ ግራሙ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ማባዛቱን ለናንተ ትቻለሁ። ሰሚራ ሳትማር ነው የገባት። ግን ወርቅም ይወርዳል፤ በ2003 መጨረሻ ጣራ ላይ ገዝተው እስከ 2008 ያለቀሱ አውቃለሁ።

---

ሰሚራ ጅዳ፦

«ሳትማር» ያልከኝ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ ☺

---

ሒሳብ አይዋሽም፦

ይቅርታ እህቴ። ኢኮኖሚክስ ሳትማሪ ለማለት ነው። እኔ ተምሬው የገዛሁት ወርቅ የቀለበቴ ብቻ ነው።

---

የድሮ ሾፌር፦

እኔ ግን ዓረብ አገርን አላማም። ከ1995 እስከ 2009 ዱባይ አንድ ድርጅት ውስጥ ትሬይለር ነዳሁ። ዛሬ ሐይቅ ከተማ ቤት አለኝ፣ አይሱዙ አለኝ፣ ልጆቼ ተምረዋል። ጓደኞቼ እዚህ ቀርተው ያው ናቸው።

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፤ የአገልግሎት ክፍያ። ኢማራት ውስጥ ድርጅት ተቀጥረህ ስትወጣ ለመጀመሪያው አምስት ዓመት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይታሰብልሃል። ለኔ 14 ዓመት ተባዝቶ ከአንድ ዓመት ደመወዝ በላይ ሆነ። በአንድ ቼክ ተቀበልኩ። አይሱዙው ከዚያ ነው የመጣው። በየወሩ የላክሁት ተበልቷል፣ እውነቱን ለመናገር እኔም የት እንደገባ አላውቅም። የዳነው በአንድ ጊዜ የመጣው ነው።

የቦርከና ልጅ፣ እናትህ ሪያድ አራት ዓመት ሞልታ አልነበር? የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ እኮ አራት ዓመት ላጠናቀቀች የአንድ ወር ደመወዝ ይላል። ትንሽ ነው። ግን ተከፍሏታል?

---

የቦርከና ልጅ፦

አልተከፈላትም ጋሼ። እንዳለም አታውቅም ነበር። አሁን ስነግራት «አንድ ሺህ ሪያል እኮ ነው» ብላ ብዙ ዝም አለች።

---

ሰሚራ ጅዳ፦

ጋሼ ሾፌር፣ በአክብሮት። የእርስዎን ብር ሐይቅ ላይ ማን ተቀብሎ ማን ግንበኛ ቀጠረ? ማን ሲሚንቶ ቆጠረ? ባለቤትዎ አይደሉም? እኔ ሚስት የለችኝም። የኔን ብር የሚቀበለው ወንድሜ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሱ ሚስት አለችው። ወንድ ሲሰደድ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ትቶ ይሄዳል። ሴት ስትሰደድ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ራሷ ናት፣ እሷ ደግሞ ሄዳለች።

---

የድሮ ሾፌር፦

ልክ ነሽ ልጄ። ባለቤቴ ናት። ካርታውም በሁለታችን ስም ነው። ያንን አላሰብኩትም ነበር።

---

ጠበቃ ነኝ ግን አላስከፍልም፦

«ቤት አለ፣ ግን በአጎቴ ስም ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። በወር ስንት እንደዚህ ዓይነት ጉዳይ እንደሚመጣልኝ ብነግራችሁ አታምኑም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 ካርታ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ይህን ግምት ማፍረስ የሚቻልባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። የሐዋላ ደረሰኝ ብር መላኩን ያሳያል፤ ቤቱ ያንተ ነው አይልም። ስለዚህ እናትህ ቀጥ ብላ ፍርድ ቤት ብትሄድ መንገዱ ረጅም ነው። አጎትህ ጤነኛ ሰው ከሆነ፣ ልጆቹ ወራሽ ነን ብለው ከመምጣታቸው በፊት፣ ሽማግሌ ይግባና ዛሬ ነገ ሳይባል በስጦታ ወይም በሽያጭ ወደሷ ስም ይዛወር። ክፍያና ግብር አለው። ያም ቢሆን ርካሽ ነው።

ውጭ ላላችሁ ደግሞ፦ ውክልና ስትሰጡ «ማንኛውንም ነገር እንዲያደርግልኝ» የሚል አታስጽፉ። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለመሸጥና ለማስያዝ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ችግሩ ቆንስላ በር ላይ ያለው ጸሐፊ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለውን ቅጽ ላይ ሁልጊዜ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ለመግዛት፣ በስሜ ለማስመዝገብ፣ ለማስተዳደር በሉና አቁሙ።

---

ኮከብ ከሚሴ፦

የኔስ? ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርቼ የላክሁት ቤት በባሌ ስም ነው። አሁን ሌላ አግብቷል ይሉኛል። በ2012 ሊራው ሲወድቅ እመቤቴ በዶላር መክፈል አቆመች፣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። ያለኝ ያ ቤት ብቻ ነው።

---

ጠበቃ ነኝ ግን አላስከፍልም፦

ኮከብ፣ ያንቺ ከእናቱ ይሻላል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ከሚሴ ሁኚ ቤይሩት፣ ጋብቻው ካልፈረሰ ድርሻሽ አለ። የጋብቻ ማስረጃሽን ያዢ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

---

ሂሩት ዲሲ፦

እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን ልንገራችሁ። ሥራዬ ከናንተ እናት ሥራ የተለየ አይደለም። 23 ዓመት አሮጊቶች ሳጥብ፣ አልጋ ሳነጥፍ ኖርኩ። ልዩነቱ ከእያንዳንዱ ቼኬ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጣል። እዚህ 40 ነጥብ፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት ሥራ ከሞላህ፣ ጡረታ አለህ። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆንኩ አዲስ አበባ ብገባም ይከተለኛል። እዚህ የጡረታ ቼኬ የቤት ኪራይ አይከፍልም። እዚያ ግን፣ በተለይ ብሩ ከተለቀቀ በኋላ፣ ጌታ ነኝ።

የማይከተለኝ ሜዲኬር (የአዛውንቶች የጤና መድን) ነው። ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። ተመልሳ ለሚ ኩራ አካባቢ አፓርታማ የገዛች ጓደኛዬ ለልቧ ሕክምና በዓመት ሁለቴ አሜሪካ ትመጣለች፤ የትኬቱ ዋጋ የኪራይ ገቢዋን ይበላዋል። ስለዚህ «ዲያስፖራ ተመልሶ ይንደላቀቃል» የሚለውም እንደምታስቡት አይደለም።

ግን ያው አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠራነው። እኔን ጡረተኛ ያደረገኝ ብርታቴ ሳይሆን አውሮፕላኑ ያረፈበት አገር ነው።

---

አምስተኛ ዓመት፦

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ከ1942 እስከ 1964 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኳውያን በኮንትራት አሜሪካ እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ብራሴሮ ይባሉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዛቸው 10 በመቶ ለቁጠባ ተብሎ ይቆረጥና ወደ ሜክሲኮ ባንክ ይላክ ነበር። ሲመለሱ ይሰጣቸዋል ተባለ። ብዙዎቹ አላገኙትም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ አርጅተው ሰልፍ ወጥተው፣ የሜክሲኮ መንግሥት 38 ሺህ ፔሶ ለመክፈል ተስማማ። ለማን? ኮንትራቱን ወይም የክፍያ ወረቀቱን አስቀምጦ ለቆየ።

---

ሒሳብ አይዋሽም፦

ወረቀት ከተነሳ፣ ጡረታውንም ልጨርስ። እቴቴ የምታገኘው እንዲህ ነው የሚሰላው፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ 1.25። ለ32 ዓመት 57.5 በመቶ። የመጨረሻ ዓመታት ደመወዟ 9 ሺህ ከነበረ 5,175 ብር። ብዙ እንዳይመስላችሁ፣ ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። የእቴቴ ሀብት ጡረታው ሳይሆን ሁለቱ ሰርቪስ ናቸው።

ለእናትህ ግን ከ10 ዓመት በታች ወርሃዊ ጡረታ የለም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። ዛሬ ብትቀጠር እንኳ እስከ 60 ስምንት ዓመት ነው ያላት። በ2006 ስትመጣ እስከ 2011 ሱቅ ከምትቀመጥ የግል ድርጅት ብትቀጠር ኖሮ (የግል ሠራተኛ ጡረታ በ2003 ተጀምሯል) አምስቱ ዓመት ተደምሮ 13 ይሆንላት ነበር። ሳውዲ የሠራችው 11 ዓመት የትም አይቆጠርም፤ እነሱ ጋ የውጭ ሰው ጡረታ የለውም፣ እኛ ጋም አልተቀጠረችም። ከዕድሜዋ መሀል 11 ዓመት ተቆርጦ ወጥቷል።

---

አባ መላ፦

ሁላችሁም ብር ብር ትላላችሁ። እናትህ ያስተማረችህ አንተ ነህ ሀብቷ! ባንክ ትሠራለህ፣ ትጦራታለህ። ልጅ ከጡረታ ይበልጣል። አላህን አመስግኑ።

---

የቦርከና ልጅ፦

ከሥራ ገብቼ እዚህ የጻፋችሁትን በሙሉ አነበብኩላት። ለሁለት ሰው መልስ አላት፤ እንዳለችው ነው የጻፍኩት።

ለሒሳብ አይዋሽም፦ «ያልሄደችው ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ልጆቿ ስምንተኛ ክፍል ቀሩ። ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። እሷ እኔን ስታይ ሀብታም ነሽ ትለኛለች። ሱቁን ግን አትንካብኝ፤ ያኔ ፋብሪካ ብቀጠር የሚከፍሉኝን በሳምንት እሸጥ ነበር።»

ለአባ መላ፦ «ልጅ ሀብት ነው ያልከው ሰውዬ፣ እስቲ ባንክ ሂድና ልጅህን አስይዘህ ተበደር። እሱ ገና አላገባም። ሲያገባ ደመወዙ ለማን እንደሚሆን አንተም እኔም እናውቃለን።»

(እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።)

---

አባ መላ፦

😂 እጄን ሰጥቻለሁ እትዬ።

---

ሂሩት ዲሲ፦

እኚህን ሴት ዲሲ ላኩልኝ።

---

የቦርከና ልጅ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

አጎቴ ጋ እቴቴና ሁለት ሽማግሌዎች ሄዱ። እሱ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «ሰው ልካችሁ አሰደባችሁኝ» አለ። ባጃጁ ተነሳ። ባጃጁ ሲነሳ ቤቱን የተቆጣጠረው እሱ እንደሆነ፣ ግንበኛው ሲጠፋ ራሱ ጭቃ እንደረገጠ ተነሳ። እሱም ውሸት አይደለም፤ የዚያ ቤት መሠረት ሲቆፈር እናቴ አልነበረችም። በመጨረሻ የተስማሙት ካርታው ወደ እናቴ ስም እንዲዛወር፣ የዝውውሩን ክፍያ እኔ እንድችል፣ ከጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የሚሠራውን አንድ ክፍል ኪራይ ደግሞ ለሦስት ዓመት አጎቴ እንዲወስድ ነው። ጠበቃው በውስጥ መስመር ውሉን አየልኝ። ማመልከቻ ገብቷል፤ አላለቀም። መዘጋጃ ቤት «ፋይሉ አልተገኘም» ካሉን ዛሬ አራተኛ ቀን ነው።

ሰሚራ፣ ያንቺን መልእክት ካነበብኩላት ጀምሮ እናቴ ሁለት ቀን አንድ ነገር ስታጉረመርም ነበር። ትናንት ማታ ስለ ወርቅ ጠየቅኋት። «ሁሉን አልላክሁም» አለችኝ። ከጅዳ ያመጣችው አምባር አለ። በ2006 ስትባረር ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ ነው ያሳለፈችው። አጎቴ አያውቅም። እቴቴ አታውቅም። እኔም እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።

ስንት ግራም ነው አልኳት።

«ለአንተ ብነግርህ ነገ ለነዚያ ሰዎች ትጽፍላቸዋለህ» አለችኝ።